የዓለም ባህሎች ቀን አክብረን ልጆቹ ሳቅ ብቻ ይዘው ሄዱ፤ እናንተ እንዴት ታስተምራላችሁ?

ጠመኔ

ሰላም ለሁላችሁ። የሁለተኛ ክፍል መምህርት ነኝ። ባለፈው ሳምንት ትምህርት ቤታችን «የዓለም ባህሎች ቀን» አከበረ። ለእኔ ክፍል ስድስት አገሮች ደረሱት። ባንዲራ ቀባን፤ በካርቶን ባርኔጣ ሠራን፤ ሳጥን ላይ ጥጥ ለጥፈን የበረዶ ጎጆ አቆምን። ወላጆች መጡ፣ ተጨበጨበ፣ ፎቶግራፍ ተነሣን።

በማግሥቱ «ትናንት ምን ተማራችሁ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። አንዱ «በበረዶ ቤት የሚኖሩ ሰዎች አሉ» አለ። አንዲቷ ደግሞ «አፍንጫ ለአፍንጫ እየተነካኩ ሰላም የሚባባሉ አሉ» ብላ ከጓደኛዋ ጋር ልታሳየን ተነሣች። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እውነቱን ለመናገር እኔም ሳቅሁ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የሦስት ሳምንት ድካማችን በልጆቹ ልብ ያስቀመጠው «ማዶ የሚያስቁ ሰዎች አሉ» የሚለውን ብቻ ከሆነ፣ ባላስተምራቸው አይሻልም ነበር?

የሰባት ዓመት ልጅ የሌላውን ሕዝብ አኗኗር ዐውቆ እንዲያከብር የረዳችሁ ነገር ካለ ንገሩኝ። ያለኝ ጊዜ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ነው፤ ገንዘብ የለኝም።

አሮጌ ደብተር

ልጄ፣ አይዞሽ። ይህ በአንቺ አልተጀመረም። እኔ ከሠላሳ ዓመት በላይ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ የሥራ ዘመኔን እኩሌታ ያንኑ የካርቶን ባርኔጣ ስቆርጥ ነው የኖርኩት። ሉዊዝ ደርማን-ስፓርክስ የምትባል አሜሪካዊት የሕፃናት ትምህርት ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1989 ይህን አሠራር «የቱሪስት ሥርዓተ ትምህርት» ብላ ነቅፋዋለች። ልጆቹ እንደ አገር ጎብኚ ሄደው ልብሱን፣ ምግቡንና ጭፈራውን አይተው ይመለሳሉ። የዚያ አገር ልጅ በተራ ማክሰኞ ቀን ጠዋት ተነሥቶ ምን እንደሚያደርግ ግን አያውቁም።

እኔ ዘግይቼ የደረስኩበት አንድ ነገር አለ፤ ከአገር አትነሺ። ልጆቹ ራሳቸው ካላቸው ነገር ተነሺ። በሰባት ዓመት ልጅ አፍ ውስጥ ምን እየሆነ ነው? ጥርሱ እየተነቃነቀ ነው። ይህ ደግሞ በምድር ላይ ባለ የሰባት ዓመት ልጅ ሁሉ አፍ ውስጥ እየሆነ ነው።

ስለዚህ ካርታም ባንዲራም ሳላወጣ «ጥርሳችሁ ሲወልቅ ምን አደረጋችሁት?» ብዬ እጠይቅ ነበር። ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጮኻል። በአንድ ክፍል ውስጥ እንኳ መልሱ ከቤት ቤት ይለያያል፤ አንዱ የሌላውን ሰምቶ ይገረማል። ወደ ሌላው ዓለም የምሻገረው ከዚያ በኋላ ነው። በጃፓን የታችኛው ጥርስ ጣራ ላይ ይወረወራል፤ የላይኛው ወደ ወለሉ ሥር ይጣላል። አዲሱ ጥርስ አሮጌው ወዳለበት አቅጣጫ ቀጥ ብሎ እንዲያድግ ነው። በኮሪያም ወደ ጣራ ነው፤ አሮጌውን ወስዳ አዲስ እንድታመጣ ወፍ በዜማ ትለመናለች። በስፔን ትራስ ሥር ያደረውን ጥርስ ፔሬዝ የሚባል አይጥ ይወስደዋል። በፈረንሳይም ሥራው የትንሿ አይጥ ነው። በግብፅ ልጆች ወደ ፀሐይ ይወረውሩታል።

«አይጥን ለምን መረጡ?» ብዬ እጠይቅና ትንሽ ዝም እላለሁ። ቀጥዬ የአይጥ የፊት ጥርስ ዕድሜዋን ሙሉ ማደጉን እንደማያቆም እነግራቸዋለሁ። «ለዚህ ነዋ!» ብለው የሚጮኹት እነርሱ ናቸው። ያን ጊዜ የሚስቅ ልጅ አይቼ አላውቅም። ከሳቀም ከራሱ ቤት ልማድ ጋር አብሮ ነው የሚስቀው። ሁሉም የየራሱን አስቀድሞ ስለተናገረ «እነርሱ» የሚባል ወገን አይኖርም።

ነጭ ገጽ

አሮጌ ደብተር ባሉት ላይ ትንሽ ልጨምር። የልጆቹ ሳቅ የመጣው ምክንያቱ ስላልተነገራቸው ይመስለኛል። አፍንጫ ለአፍንጫ የሚባለው የኒውዚላንድ የማኦሪ ሕዝብ ሰላምታ ሆንጊ ይባላል። ግንባርና አፍንጫ ይገናኛል፤ ትርጉሙ ግን እስትንፋስን መካፈል ነው። በማኦሪ ትውፊት የመጀመሪያዋ ሴት ከአፈር ከተሠራች በኋላ ሕይወት የገባባት በአፍንጫዋ በተነፈሰባት እስትንፋስ ነው። ለሰባት ዓመት ልጅ ይህን ስትነግሪው አይስቅም፤ ዝም ብሎ አፉን ይከፍታል።

የበረዶውን ቤት ነገር ግን ማረም አለብሽ፤ ስሕተት ነውና። በካናዳ ሰሜን የሚኖሩ ኢኑይቶች ዛሬ የሚኖሩት ማሞቂያ ባለው ተራ ቤት ነው። ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፤ ኮምፒውተር ይነካካሉ። የበረዶ ቤት የመሥራት ጥበብ አለ፤ ዛሬ ግን ለአደን የወጣ ሰው የሚያርፍበት መጠለያ እንጂ የቤተሰብ መኖሪያ አይደለም። ደስ የሚለው ደግሞ በቋንቋቸው «ኢግሉ» ማለት በምንም ይሠራ በምን ቤት ማለት መሆኑ ነው። የጥጡን ጎጆ ሳታፈርሺ ይህን ንገሪያቸው። መምህርት ስትሳሳትና ስታርም ማየት ራሱ ለልጆች ትምህርት ነው።

ካርታ ወዳድ

ሁላችሁም ካርታውን ረሳችሁት! ግድግዳችሁ ላይ የተሰቀለው የትኛው ካርታ ነው? በብዙ ቦታ የጌራርዱስ መርካቶር ነው። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1569 ለመርከበኞች ብሎ የሠራው ካርታ ነው፤ አንድ አቅጣጫ ይዞ ለሚቀዝፍ ሰው መንገዱ ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ እንዲታየው። ለዚያ ሥራ ድንቅ ነው። ክፋቱ ግን ከምድር ወገብ በራቁ ቁጥር አገሮች እየተለጠጡ መሄዳቸው ነው። ግሪንላንድ አፍሪካን የምታህል ትመስላለች። በእውነቱ አፍሪካ 30 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስትሆን ግሪንላንድ ከ2 ሚሊዮን ብዙም አትበልጥም፤ 14 ጊዜ ያህል ትበልጣታለች።

ልጆች ላይ የሚያሳድረውን ነገር አስቡት። በሰባት ዓመቱ «ትልቅ» እና «ትንሽ» ብሎ የያዘውን በሃያ ዓመቱም አይለቀውም።

ብርቱካን ያዙ። በላዩ ላይ በእስክሪብቶ አህጉራትን ቀለል አድርጋችሁ ሣሉ፤ ከዚያ ልጆቹ ልጣጩን ሳይቆራርጡ ልጠው ጠረጴዛ ላይ ጠፍጣፋ እንዲያደርጉት ጠይቁ። አይችሉም፤ ይቀደዳል ወይም ይለጠጣል። «ካርታ ሠሪውም የገጠመው ይኸው ነው» ማለት ብቻ ይበቃል። ቀጥሎ ካርታውን ገልብጣችሁ ስቀሉት። አውስትራሊያዊው ስቱዋርት ማካርተር እ.ኤ.አ. በ1979 ደቡብን ወደ ላይ ያደረገ የዓለም ካርታ አሳትሟል። ልጆቹ «ተገልብጧል!» ሲሉ «ማን ነው ላይና ታች ያለው?» በሏቸው። ከህዋ የሚያይ ሰው ላይና ታች እንደሌለው ራሳቸው ይደርሱበታል። እኔ ከባህል ትምህርት ሁሉ አስቀድሜ ይህን አደርጋለሁ።

የመንትዮች እናት

መምህርት ባለመሆኔ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ እንደ ወላጅ ግን የሚከነክነኝን ልናገር። ልጆቼ የአያታቸውን ቋንቋ በቅጡ አይናገሩም። የሩቅ አገር ሰው ጥርሱን የት እንደሚጥል ከማወቃቸው በፊት የራሳቸውን ቢያውቁ አይሻልም? መጀመሪያ የቤቱ፣ ከዚያ የጎረቤቱ፣ ከዚያ የዓለሙ እላለሁ።

አሮጌ ደብተር

እመቤቴ፣ ሥጋትዎ ተገቢ ነው። ግን ቅደም ተከተል ሊሆን የሚገባው አይመስለኝም። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን (እ.ኤ.አ. የ1989ኙ) በአንቀጽ 29 ስለ ትምህርት ግብ ሲናገር የልጁን የራሱን ባህል፣ ቋንቋና እሴት፣ የሚኖርበትን አገር እሴት፣ ከእርሱ የተለዩ ሥልጣኔዎችንም ማክበር በአንድ ዐረፍተ ነገር አብሮ አስቀምጧቸዋል። አንዱ እስኪያልቅ ሌላው ይጠብቅ አላለም።

የጥርሱን ትምህርት ያነሣሁበትም ምክንያት ይኸው ነው። ልጆቹ ቤታቸው ሄደው አያታቸውን «አንቺስ ልጅ ሳለሽ ጥርስሽን የት ጣልሽው?» ብለው ካልጠየቁ ትምህርቱ አይጀመርም። ስንቱ ልጅ ነው በዚያ ምክንያት ከአያቱ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ረጅም ወሬ ያወራው! መንትዮቹን ዛሬ ማታ ይላኳቸው።

የመንትዮች እናት

ላክኋቸው። አማቴ ከአንድ ሰዓት በላይ አወራቻቸው። ስለ ጥርስ የጀመረው ስለ ጋብቻዋ ሆኖ አለቀ፤ እኔም ከዚህ ቀደም ያልሰማሁትን ሰማሁ። ሐሳቤን ሙሉ በሙሉ አልለወጥኩም፤ ትንሽ ግን ተነቃነቀ። እንደ ጥርሱ።

ተሻጋሪ

ብዙ ጊዜ አንብቤ ብቻ የማልፍ ሰው ነኝ። ዛሬ ግን አንድ ነገር ካልተናገርኩ አያስችለኝም።

ወላጆቼ አገር ለቅቀው ሲሄዱ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። በአዲሱ ትምህርት ቤት የባህል ቀን ሲመጣ መምህራችን በደግነት ተነሥታ «እስኪ ስለ አገርህ ንገረን፤ አንድ ዘፈን ዝፈንልን» አለችኝ። ዘፈኑን አላውቀውም ነበር። ስለ አገሬ የማስታውሰው የጎረቤታችንን ውሻና አንድ የተሰበረ ደረጃ ነው። ዝም አልኩ። ልጆቹም ዝም አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእነርሱ ዓይን «ከዚያ የመጣው ልጅ» ሆንኩ፤ ከዚያ በፊት ግን እግር ኳስ ላይ በረኛ ነበርኩ፤ እሱ ብቻ ነበር ስሜ።

መምህርት ጠመኔ፣ በክፍልሽ ከሌላ ቦታ የመጣ ልጅ ካለ የአገሩ ወኪል አታድርጊው። የስምንት ዓመት ልጅ አምባሳደር አይደለም። ሊናገር ከፈለገ በሩን ክፈቺለት፤ ካልፈለገ በረኛ ይሁን። ወላጁን መጋበዝ ከፈለግሽም አስቀድመሽ ልጁን ብቻውን ጠይቂው፤ በክፍሉ ፊት አይሁን።

ጠመኔ

ተሻጋሪ፣ ጽሑፍህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እንዲህ ያለች ልጅ በክፍሌ አለች። በበዓሉ ቀን የአገሯን ልብስ ለብሳ እንድትመጣ የጠየቅኋት እኔ ነኝ። ለብሳ አልመጣችም፤ «ረሳሁት» አለች። አሁን ገባኝ።

የመጻሕፍት ክፍል

እኔ በትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ነው የምሠራው። ሩዲን ሲምስ ቢሾፕ የተባሉ አሜሪካዊት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1990 የልጆች መጽሐፍ መስኮትም መስታወትም መሆን እንዳለበት ጽፈዋል፤ ልጁ ሌላውን የሚያይበት፣ ራሱንም የሚያይበት። እኛ መደርደሪያ ላይ ያሉትን መጻሕፍት በዚህ ዓይን ስናይ ደነገጥን። ስለ ሩቅ አገር ልጆች ያሉን መጻሕፍት ሁሉ ወይ ስለ በዓል ናቸው ወይ ስለ ችግር። ብስክሌቱ የጠፋበት፣ ከወንድሙ ጋር የተጣላ፣ ጨለማ የሚፈራ ልጅ በአንዱም ውስጥ የለም።

አሁን መጽሐፍ ስንመርጥ የምንጠይቀው እንዲህ ነው፤ በሥዕሉ ላይ ያለው ሰው ዛሬ ያለ ነው ወይስ ከመቶ ዓመት በፊት የነበረ? ስም አለው ወይስ «አንድ የበረሃ ልጅ» ብቻ ነው? አንድ ነገር ይወስናል ወይስ ሌላ ሰው መጥቶ ያድነዋል? በዚህ ወንፊት ብዙ የሚያምር መጽሐፍ ይወድቃል። ይውደቅ።

ሞጋች

ሁላችሁም እየተስማማችሁ ስለሆነ እኔ ልቃወም። «ሁሉን ባህል አክብር» እየተባለ ያደገ ልጅ መጥፎውን መጥፎ ማለት ያቅተዋል። በባህል ስም ልጆች የሚጎዱበት ቦታ ሞልቷል። ይህንንስ እናደንቀው?

አሮጌ ደብተር

ወንድሜ፣ እንኳን መጣህ፤ መስማማቱ አሰልችቶን ነበር። ቅድም የጠቀስኩት ኮንቬንሽን ራሱ በአንቀጽ 24 የልጆችን ጤና የሚጎዱ ልማዳዊ ድርጊቶች እንዲወገዱ መንግሥታትን ያስገድዳል። ስለዚህ ማክበርና ሁሉን ማጽደቅ አንድ ነው ያለ የለም።

ነገር ግን ሁለት ነገር ላስቸግርህ። አንደኛ፣ የሰባት ዓመት ልጅ ስለ አንድ ሕዝብ መጀመሪያ የሚሰማው ክፉውን ከሆነ ሌላው ሁሉ በዚያ ላይ ነው የሚጻፍበት፤ ስለዚህ መጀመሪያ አታድርገው። ሁለተኛ፣ ልጁ «ይሄ ጥሩ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ አትሽሽ፤ «በዚያው አገር ይህን የሚቃወሙ ሰዎች አሉ» በለው፤ አሉና። ባህል እንደ ድንጋይ የቆመ ነገር አይደለም፤ የሚከራከሩበት ሰዎች አሉት። ይህን የሚረዳው ግን የአራተኛና የአምስተኛ ክፍል ልጅ ነው። የጠመኔ ልጆች ገና ጥርስ ላይ ናቸው።

ሞጋች

ሁለተኛውን ነጥብ ተቀብያለሁ። የመጀመሪያው ያከራክራል፤ ሌላ ጊዜ።

ጣት ቆጣሪ

ሒሳብ አስተማሪ ነኝና ይህ የማኅበራዊ ሳይንስ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ልጆቹን «እስከ አምስት በጣት ቁጠሩ» በሏቸውና እጃቸውን እዩ። አንዱ ከአውራ ጣት ይጀምራል፤ ሌላው ከሌባ ጣት። ጀርመኖች ከአውራ ጣት ይጀምራሉ። ቻይናውያን በአንድ እጅ ብቻ እስከ አሥር ይቆጥራሉ፤ ከስድስት ጀምሮ ለእያንዳንዱ ቁጥር ልዩ የጣት አያያዝ አለ። ልጆች ይህን በአምስት ደቂቃ ይለምዱታል፤ ሳምንቱን ሙሉ አይተዉትም።

ከዚያ ወደ ቃላቱ ግቡ። ፈረንሳዊ ሰማንያን «አራት ሃያ» ይለዋል፤ 99ኝን ደግሞ «አራት ሃያ አሥር ዘጠኝ»። በቻይንኛ አሥራ አንድ «አሥር አንድ» ነው፤ ከዚህ የቀለለ የለም። በናይጄሪያ በሚነገረው በዮሩባ ቋንቋ 16 «አራት ሲጎድል ሃያ» ነው፤ ቁጥሩን ስትጠራው ቅነሳ እየሠራህ ነው። አንድ ጊዜ የክፍሌ ልጅ «እነርሱ ሒሳብ ጎበዝ መሆን አለባቸው» አለኝ። ያንን ዐረፍተ ነገር ባንዲራ በማቅለም አታገኙትም።

ነጭ ገጽ

ከሌላ አገር ክፍል ጋር በቪዲዮ ስለ መገናኘት ማንም አላነሣም። እኛ ሁለት ጊዜ ሞክረን የመጀመሪያው ከሸፈ። ልጆቹ «እዚያ አንበሳ አለ?» ዓይነት ጥያቄ ብቻ ይዘው መጡ፤ ወዲያ ማዶ ያሉትም ከዚህ የተሻለ አልጠየቁም። በሁለተኛው ሁለቱም ክፍሎች አስቀድመው በተስማሙባቸው ሦስት ጥያቄዎች ተነጋገሩ፤ በቦርሳህ ውስጥ ምን አለ? ዛሬ ጠዋት ማን ቀሰቀሰህ? የምትፈራው ነገር ምንድን ነው? ሦስተኛው ላይ ግማሹ «ጨለማ» አለ፤ በሁለቱም በኩል። የሰዓቱን ልዩነት አስቀድማችሁ አስቡበት፤ አንዳቸው እንቅልፋቸው ሰዓት ላይ እንዳይደርስባቸው።

ጠመኔ

ሪፖርት ይዤ መጣሁ። የጥርሱን ትምህርት ትናንት አስተማርኩ።

መጀመሪያ የሆነውን ልንገራችሁ፤ ተበላሸ። አሮጌ ደብተር እንዳሉት «ጥርሳችሁን ምን አደረጋችሁት?» ብዬ ስጠይቅ ሁሉም ጮኸ፤ አንዲት ልጅ ብቻ አለቀሰች። ለካ ገና አንድም ጥርስ አልወለቀላትም። እያባበልኳት ሳለሁ ከኋላ ሁለት ወንዶች የተነቃነቀ ጥርሳቸውን በክር ሊነቅሉ ሲታገሉ አገኘኋቸው። አንዱ ተሳካለት። ደም፣ ጩኸት፣ ጭብጨባ። ክፍለ ጊዜው እኩሌታው በዚህ አለቀ።

በቀረው ጊዜ ጃፓንን፣ ኮሪያን፣ ስፔንንና ግብፅን ብቻ አነሣሁ። ጥርሱ የወለቀው ልጅ ጥርሱን በእጁ ይዞ እያንዳንዱን አማራጭ በጥሞና ይመዝን ነበር፤ ጉዳዩ ለእርሱ አስቸኳይ ነዋ። «ግብፅ ዝናብ ሲሆንስ?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። የሳቀ አልነበረም። ቅድም የጻፍኩላችሁ ከሌላ አገር የመጣችው ልጅ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ እጇን አውጥታ የእነርሱን ቤት ልማድ ተናገረች፤ በአንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ፤ ተቀመጠች። ሌሎቹ እንደ ማንኛውም መልስ ሰሟት፤ ቀጠሉ። እኔ ብቻ ነኝ ወደ ሰሌዳው ዞሬ ጥቂት የቆየሁት።

የጥጡ ጎጆ ገና ቆሟል፤ ከሥሩ «ኢግሉ ማለት ቤት ማለት ነው» ብለን ጻፍንበት። ካርታው ከሰኞ ጀምሮ ተገልብጦ ተሰቅሏል፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ሁለት ጊዜ አቃንታዋለች።

በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ስም ላስተምር አስቤያለሁ። በቻይና፣ በኮሪያና በሀንጋሪ የቤተሰብ ስም ከፊት እንደሚመጣ፣ በአይስላንድ አብዛኛው ሰው የቤተሰብ ስም ሳይኖረው «የእገሌ ልጅ» እንደሚባል። ስማቸውን ማን እንዳወጣላቸው ከቤት ጠይቀው ይመጣሉ። አባትና እናት አብሮት የሌለ ልጅ ይህ ጥያቄ እንዳይጎዳው እንዴት ላድርገው?

ተሻጋሪ

«ከቤትህ ሰው ጠይቅ» በይ፤ አባት ወይም እናት አትበይ። የሚያሳድገው ሰው ማንም ይሁን ማን ስሙን በምን ቃና እንደሚጠራው ያውቃል። መጠየቅ ያልፈለገ ደግሞ ቢችል ለራሱ የሚያወጣውን ስም ይዞ ይምጣ። እኔ ብሆን ይህን ነበር የምመርጠው።

አሮጌ ደብተር

ጥሩ ብለሃል። ጠመኔ፣ አንድ ነገር ቀረሽ፤ ያቺ ያለቀሰችው ልጅ እንዴት ሆነች?

ጠመኔ

ዛሬ ጠዋት ወለቀላት! በሶፍት ጠቅልላ ይዛ መጣች። ሌሊቱን ሙሉ በምላሷ ስትገፋው እንዳደረች እናቷ ነገረችኝ። ከሁሉም የኮሪያውን መረጠች። የትምህርት ቤቱ ጣራ ግን ከፍ አለባት፤ ሦስት ጊዜ ሞክራ ሦስቴም ተመልሶ እግሯ ሥር ወደቀ። በመጨረሻ ጥበቃው ወረወሩላት። ለወፏ የሚባለውን ግን እርሷ ናት ያለችው።